ዘይት ከመምረጥ በፊት ሙቀቱን ማንበብ

ሀበሻ ተሰብስቦ የመኪና ወሬ ከተነሳ፣ ስለ ሞተር ዘይት መልስ የሚያጣ ሰው አይገኝም። አንዱ «ወፈር ያለ አድርግበት፣ ሞተር ይጠብቃል» ይላል። ሌላው «ፋብሪካው ካዘዘው እንዳትወጣ» ይላል። ሦስተኛው ዋጋው ከፍ ያለውን ጠርሙስ አንስቶ «ይኼ ፉል ሲንተቲክ ነው፣ ሐሳብ የለም» ይላል። ሦስቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን ግን አንዳቸውም አልጠየቁም፤ ዘይቱ እዚያ ሞተር ውስጥ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?

ለአብዛኛው መኪና ይህ ጥያቄ ትርፍ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የምትመላለስ ኮሮላ የታዘዘላትን ዘይት በጊዜው እስካገኘች ድረስ ሙቀቷን ማንም ባያነብላትም ትኖራለች። ነገሩ የሚለወጠው መኪናው ለፍጥነት የተሠራ ሲሆንና ባለቤቱም በተሠራበት ልክ ሊነዳው ሲፈልግ ነው። ያኔ የዘይት ምርጫ በመሐላ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ መለካት ይፈልጋል።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚኖሩ በአንድ ወጣትና በአጎቱ መካከል የነበረው ክርክር ይህን በደንብ ያሳያል።

ወጣቱ ለዓመታት ካጠራቀመ በኋላ ቶዮታ ጂአር86 ገዛ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ እጅ ማርሽ፣ የኋላ ጎማ የሚገፋት ትንሽ መኪና ናት። ቶዮታና ሱባሩ በጋራ ያወጧት ስትሆን፣ 2.4 ሊትር ሞተሯ ቦክሰር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተኝተው ነው የሚመላለሱት። ቱርቦ የላትም። 228 የፈረስ ጉልበቷን የምታወጣው ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲጮህ ነው። ወጣቱም የገዛት ለማስጮህ ነበር። በመንገድ ላይ ሳይሆን ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት መሮጫ ላይ፣ ሰው ከፍሎ የራሱን መኪና በሚነዳባቸው ቀናት።

አጎቱ የእናቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ አድገዋል። ሰማያዊ ላዳ ታክሲ፣ ፔጆ 504፣ ቶዮታ ዲኤክስ ስንቴ ሞተሩን አውርደው እንደሰቀሉ ራሳቸውም አያውቁትም። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሌላ ሥራ ቢተዳደሩም ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመዱና የጎረቤቱ መኪና የሚሰለፈው እሳቸው በር ላይ ነው። ዘይት ላይ የሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው።

የመጀመሪያው ዘይት መቀየሪያ ቀን ነው ነገሩ የጀመረው።

«ስንት ቁጥር ነው የሚለው?» አሉት።

«0ደብልዩ-20 ጋሼ።»

«ሃያ? ይኼ እኮ የሲንጀር ዘይት ነው! የልብስ ስፌት መኪና ነው እንዴ የገዛኸው?»

«መመሪያው ላይ ያለው ይኼ ነው።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ ሞተርህ የነከሰ ቀን አብሮህ አይቆምም። ሃያ ደብልዩ ሃምሳ እናድርግበትና ተገላገል።»

ወጣቱ ዝም አለ። እናቱም እዚያው ቆማ ነበር፤ በዐይኗ «ጋሼህን አታስቀይም» አለችው። ብዙ መኪና ላይ ዘይት የሚቀየረው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩን የሚመርጠው ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው ተናገረ፣ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ስለዚህ ይደረጋል።

እሱ ግን መካከለኛ መንገድ አገኘ። «ጋሼ፣ አንድ ዓመት ልለካውና ቁጥሩን ይዤልዎት ልምጣ። ያኔ እርስዎ ያሉት ይሆናል» አላቸው። አጎቱ ሳቁ። «ምኑን ነው የምትለካው?» «ሙቀቱን።» የእሱ መኪና ዳሽቦርድ የውሃውን ብቻ ሳይሆን የዘይቱንም ሙቀት በቁጥር ያሳያል። አጎቱ ያንን ዕለት የረቱ ስለመሰላቸው ተስማሙ። መኪናዋም 0ደብልዩ-20 ተደርጎላት ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዘይት ተራ ውስጥ በብዛት የተሳሳተ ትርጉም የሚሰጠው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

«ደብልዩ» የእንግሊዝኛው «ክረምት» የመጀመሪያ ፊደል ናት። ከሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። 0ደብልዩ የሆነ ዘይት ሞተር ለማስነሳት ያለው ቅለት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ነው፤ 5ደብልዩ በ30፣ 10ደብልዩ በ25፣ 15ደብልዩ በ20፣ 20ደብልዩ ደግሞ በ15። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው ውፍረት የሚያርፍበት ክልል ነው። «20» ማለት ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክስ፣ «30» እስከ 12.5፣ «40» እስከ 16.3፣ «50» እስከ 21.9። ከዚህ ውጪ ሌላ ትርጉም የላቸውም። የጥራት ደረጃ አይደሉም። ሃምሳ ከሃያ አይበልጥም፣ አያንስምም፤ ይወፍራል እንጂ።

ታዲያ አጎቱ ሃያ ደብልዩ ሃምሳን ከየት አመጡት? ከልምድ ነው፣ ልምዱም ትክክለኛ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሙቀት ከዜሮ በታች መውረዱ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር 20 ሆነ 0፣ ላዳዋ በጠዋት ትነሳለች። ሞተሮቹ ደግሞ ብዙ የሠሩ፣ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት የሰፋ፣ ዘይት የሚበሉ ነበሩ። በዚያ ክፍተት ቀጭን ዘይት ያመልጣል። ወፍራም ሲደረግበት ጭሱ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ድምፅ ይለዝባል፣ የዘይት መብራቷም ሞተሩ ሞቆ ባለበት ሲሠራ መብረቋን ታቆማለች። መካኒኩ በጆሮውና በዐይኑ ያረጋገጠው እውነት ነው። ስሕተት የሚሆነው ያ እውነት ከነልብሱ ሌላ አገር ሲሻገር ነው።

የቨርጂኒያ ጥር ሌላ ነው። ሌሊቱን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ማንኛውም ዘይት ሲቀዘቅዝ ከሚገመተው በላይ ይወፍራል፤ «ውሃ» የተባለው 0ደብልዩ-20 እንኳ በዜሮ ዲግሪ በ100 ዲግሪ ከሚኖረው ውፍረት ወደ 40 እጥፍ ይደርሳል። 20ደብልዩ-50 በዚያ ብርድ ማር ነው። በተጨማሪ የዛሬ ሞተር ዘይትን ለማለስለስ ብቻ አይጠቀምበትም። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክሉት ክፍሎች የሚንቀሳቀሱት በዘይት ግፊት ነው፣ ዘይቱም የሚደርሳቸው በቀጫጭን መንገድ ነው። ማር በዚያ ሲሄድ ይዘገያል።

«ወፍራም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል» የሚለው የአጎቱ መከራከሪያም መልስ አለው። ግፊት መፍሰስ አይደለም። የውሃ ጎማ ጫፉ በአውራ ጣት ቢታፈን ግፊቱ ይጨምራል፣ የሚወጣው ውሃ ግን ይቀንሳል። ብርድ ላይ የወፈረ ዘይት መለኪያው ላይ የሚያምር የግፊት ቁጥር ያሳያል፤ ብሮንዚኖቹ ጋ የሚደርሰው ግን ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለወጣቱ ያደላ ይመስላል። ዓመቱ ግን ገና አላለቀም።

ወጣቱ ስልኩ ላይ ማስታወሻ ከፈተ። መጀመሪያ ያስገረመው ዘይት የሚሞቅበት ዝግታ ነበር። የውሃው መርፌ በአምስት ደቂቃ መሃል ላይ ቆማ «ሞቄያለሁ» ስትል ዘይቱ ገና 50 ዲግሪ ላይ ነው። በክረምት ሰፈር ውስጥ ካለ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ 60 ሳይሞላ ሞተሩ ይጠፋል። በደህና አየር ወደ ሥራ ሲነዳ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከ95 እስከ 100 ላይ ይረጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ዘመናዊ መኪና ላይ ያለው የውሃ ሙቀት መርፌ ሾፌሩ እንዳይጨነቅ ተብሎ ሰፊ የሙቀት ክልል ላይ መሃል እንዲቆም የተደረገ ነው። ውሃው 85 ሆነ 100፣ መርፌዋ አትነቃነቅም። ስለ ዘይቱ ደግሞ ምንም አትናገርም። ሞተር ነክቶ ወዲያው የሚያስጮህ ሰው ውሃው ሞቆ ዘይቱ ያልሞቀበት ላይ ነው ጉዳት የሚያደርሰው። ቢኤምደብልዩ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ኤም3 ይህን በጥሩ ዘዴ ፈትቶት ነበር። የዙር ቆጣሪው ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ከዝቅተኛ ቁጥር ጀምረው ይበራሉ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። «እስከዚህ ድረስ ብቻ አስጩኸኝ» ማለታቸው ነው። ለዚያ ሞተር የታዘዘው ዘይት 10ደብልዩ-60 ነበር፤ ሲሞቅ ወፍራም እንደመሆኑ ሲቀዘቅዝ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ዘይት በጣም አለመሞቁም ጉዳት አለው። አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ውስጥ ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማሉ። እነሱን አትንኖ የሚያወጣው ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ጥቂት ሲቆይ ነው። ስለዚህ መኪናውን «የሚያሳርፍ» ሰው፣ በሳምንት አንዴ ረጅም መንገድ ካልነዳው፣ ዘይቱን እያበላሸው ነው።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። የሰሚት ፖይንት ዋናው መሮጫ ሁለት ማይል ነው፤ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ አለው፣ ከዚያ በኋላ ፍሬንና ማርሽ ያለ ዕረፍት የሚፈራረቁበት ጠመዝማዛ ይከተላል። ቀኑ 34 ዲግሪ ነበር። የሃያ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ዘይቱ 98 ላይ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ 115። አምስተኛው ላይ 124። ሰባተኛው ላይ 131። የውሃው መርፌ ፍንክች አላለችም። መኪናዋ እንደ ጠዋቱ ትጮሃለች፣ ትጎትታለች፤ መለኪያውን ያላየ ሰው አንዳች ነገር መለወጡን አያውቅም። ወጣቱ እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሳ፣ አንድ ዙር በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ ሄዶ ወጣ። ጓደኞቹ ገና አምስት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር።

131 ለምን ያስፈራል? ብሮንዚንና ክራንክ ሻፍት ሳይነካኩ የሚሽከረከሩት በመሃላቸው ባለ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሥራ ሲበዛበት ከሰው ፀጉር እጅግ ይቀጥናል። ያንን ሽፋን የሚሸከመው የዘይቱ ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ ደግሞ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይወድቃል። በ100 ዲግሪ 8 ሴንቲስቶክስ ያህል የነበረ «ሃያ» ዘይት 130 ላይ ወደ 5 ይወርዳል። «አርባ» የሆነ ዘይት 130 ላይ 8 አካባቢ ይሆናል፤ ማለትም መሮጫ ላይ ያለ አርባ፣ መንገድ ላይ ያለ ሃያ ነው። ይህን ሒሳብ የተረዳ ሰው «የትኛው ቁጥር ይሻላል» ብሎ አይጣላም። ቁጥሩ ያለ ሙቀቱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

በዚያ ላይ መለኪያው የሚያነበው አንድ ቦታ ላይ ያለውን ዘይት ነው። ዘይቱ ብሮንዚኑ ውስጥ ሲጨመቅ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ሙቀት ዘይቱን ያቀጥነዋል ብቻ ሳይሆን ያረጀዋልም፤ በግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የማርጀቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። በ130 ዲግሪ የሠራ ዘይት በ100 ከሠራው ስምንት እጥፍ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ለዚህ ነው መሮጫ የሚወጣ ሰው ዘይቱን በማይል ብቻ መቁጠር የማይችለው።

ወጣቱ በማግሥቱ አጎቱ ዘንድ ሄደ። ስልኩን አወጣ፣ ቁጥሮቹን አነበበላቸው። አጎቱ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደግመው አነበቡት።

«መቶ ሠላሳ አንድ ሴንቲግሬድ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው ደህና ነበር።»

ዝም አሉ። ከዚያ «አየህ፣ ሃያ አይሆንም አላልኩህም?» አሉት። እውነታቸውን ነበር፣ በከፊል። ለዚያ ቀን፣ ለዚያ ሙቀት ሃያ ቀጥኗል። ከመንገድና ከክረምት ጋር ሲሆን ግን ሃያው ልክ ነበር። ቶዮታ በብዙ መኪኖቹ መመሪያ ውስጥ ለዓመታት ሲያትመው የኖረው ቃልም ይህንኑ ይላል፤ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በከባድ ጫና የሚነዳ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት ይበልጥ ሊስማማ ይችላል። ብዙ ሰው መመሪያውን ሳያነብ «መመሪያው እንዲህ ይላል» ይላል። አንብቦት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ቀጭኑ ዘይት ለምን መጀመሪያ ታዘዘ የሚለውም በሴራ የሚመለስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጣችው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ጀምሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ የሚፈጁት ቤንዚን ይሰላበታል። ቀጭን ዘይት ሞተሩን ያቀልለታል፣ ትንሽ ቤንዚን ያተርፋል፤ በሚሊዮን መኪና ሲባዛ ትልቅ ነው። ሞተሩም ለዚያ ዘይት ታስቦ ተሠርቷል። ጠርሙሱ ላይ የታዘዘው ቁጥር ለብዙኃኑ ሾፌር የተሰጠ ጥሩ መልስ ነው። ሐምሌ ላይ ሰሚት ፖይንት ሰባተኛ ዙር ላይ ያለው ሰው ግን ከብዙኃኑ ወጥቷል።

ወጣቱና አጎቱ ዘይት ቤት አብረው ሄዱ። እዚያም ሁለት 5ደብልዩ-30 ዘይቶች ጎን ለጎን ቆመው አገኙ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ ጀርባቸው ግን ይለያያል። ዘይት በ150 ዲግሪ ሙቀትና በከባድ ጭምቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚተርፈው የሚለካበት ፈተና አለ፤ በምሕጻረ ቃል ኤችቲኤችኤስ ይባላል። የአውሮፓ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ኤሲኢኤ በሚባለው ደረጃ «ኤ3/ቢ4» ወይም «ሲ3» የሚል ምልክት ያለው ዘይት በዚያ ፈተና ቢያንስ 3.5 ማምጣት አለበት። ለቤንዚን ቁጠባ የተሠራው የአሜሪካ 30 ግን 2.9 ካመጣ ያልፋል፣ «ሃያ» ደግሞ 2.6። ብሮንዚን የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው። አጎቱ ጠርሙሱን ገልብጠው ትንንሹን ጽሕፈት ሲያነቡ ቆዩ። «እኛ ፊቱን ብቻ ነበር የምናየው» አሉ።

የመረጡት «ሲ3» የሚለውን 5ደብልዩ-30 ነበር፤ ለበጋው የመሮጫ ወራት ብቻ፣ በየሁለት መሮጫ ቀን የሚቀየር። ክረምት ሲመጣ ወደ 0ደብልዩ-20 ይመለሳል። ሃምሳው ሱቁ ውስጥ ቀረ።

ዘይቱን ማወፈር ግን ሙቀቱን አይቀንሰውም። እንዲያውም ወፍራም ዘይት በራሱ ሰበቃ ጥቂት ይጨምርበታል። በሚቀጥለው መሮጫ ቀን መለኪያው አሁንም 128 ደረሰ። ልዩነቱ በ128 ላይ የተረፈው የዘይት ሽፋን መወፈሩ ነው። ሙቀቱን ራሱን የሚያወርዱት ሌሎች ናቸው፤ አየር የሚመታው የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም፣ ዘይቱን ከላይኛው ምልክት ሳያሳልፉ ሙሉ ማድረግ፣ ከሁለት ፈጣን ዙር በኋላ አንድ ዙር ማሳረፍ። ማቀዝቀዣ የሚያስገባ ሰው ቴርሞስታት ያለውን መምረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ክረምት ላይ ዘይቱ ፈጽሞ ሳይሞቅ ይኖራል። የዘይቱ መጠን ነገር ደግሞ ችላ የሚባል አይደለም። ረጅም ጥምዝ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ቀድሞውኑ የጎደለ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። ለብሮንዚን አንድ ሰከንድ አየር፣ አንድ ወር ቀጭን ዘይት ከሚያደርስበት ይብሳል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያስተማረው መለኪያው ነው። መለኪያው የማያውቀውን ያሳዩት ግን አጎቱ ናቸው።

የበጋው ዘይት ሲወርድ ወጣቱ አሮጌውን ፊልትሮ ሊጥለው ሲል እጁን ያዙት። «ቆይ አንተ ልጅ፣ ሬሳ ሳይታይ አይቀበርም» አሉት። ቆርቆሮውን በጥንቃቄ ቆርጠው ከፈቱት፤ ወረቀቱን አውጥተው እጥፋቶቹን ፀሐይ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉ። ማግኔት አስጠጉበት። «ማግኔት የሚያነሳው ብረት ነው። ማግኔት የማያነሳው ብልጭልጭ ካየህ ግን የብሮንዚን ፊት ነው፣ ያኔ መኪናውን አታስነሳ።» ወረቀቱ ላይ ጥቁር ዘይት እንጂ ብልጭልጭ አልነበረም። ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው አሸተቱት። «ቤንዚን ቤንዚን ይላል ትንሽ። በክረምት አጭር አጭር ነው የምትነዳው መሰለኝ።» እሱ ስልኩ ላይ የጻፈውን፣ 60 ሳይሞላ የጠፋውን ሞተር ሁሉ አጎቱ በአፍንጫቸው ደረሱበት።

በዚህች ሰዓት ነው ክርክሩ ያለቀው። ማንም ማንንም አልረታም። ቁጥሩ ሞተሩ ምን እየሆነ እንደሆነ ነገራቸው፤ ፊልትሮው ምን እንደሆነ ነገራቸው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ዘግይቶ የመጣ መርዶ።

የዘይት ሙቀት ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ቢያጣራ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ። አንዳንድ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ ከሌሎች ነገሮች ተነስቶ የሚገምተው እንጂ መለኪያ የነካው አይደለም። ሁለተኛ፣ መለኪያው የት እንደተቀመጠ። ከታች ካለው ቋት የሚያነብ፣ ከፊልትሮው አጠገብ የሚያነብና ከማቀዝቀዣው በኋላ የሚያነብ ሦስቱ አንድ ቁጥር አይሰጡም። የጓደኛ መኪና 110 አለ ተብሎ የራስ 125 መናቅ ወይም መፍራት ትርጉም የሚኖረው ቦታቸው አንድ ከሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው። ዘይቱ 80 እስኪሞላ ሞተሩን አለማስጮህ። መንገድ ላይ ከ90 እስከ 110 ካለ መርሳት። መሮጫ ላይ 120 ሲያልፍ ዐይንን ከሱ አለማራቅ፣ 130 ላይ እግር ማንሳት። ከመሮጫ ሲወጡ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት በፊት በዝግታ ማቀዝቀዝ። እነዚህ ምንም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከማንኛውም ጠርሙስ በላይ ግን ሞተር ያተርፋሉ። ሞተር የነከሰበት ሰው የሚከፍለው ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው የተሳሳተ ዘይት ስላደረገ ሳይሆን ትክክለኛውን ዘይት አድርጎ ከዚያ በኋላ ማየት ስላቆመ ሊሆን ይችላል።

ስለ ትልልቅ ሰዎቻችን የእጅ ጥበብም አንድ ነገር አለ። ወጣቱ «መመሪያው ይላል» ብሎ አጎቱን ቢያልፋቸው ፊልትሮ መክፈትን አይማርም ነበር። በይሉኝታ እሺ ብሎ ሃምሳውን ቢያስደርግ ደግሞ ክረምቱን ሞተሩ ይከፍልበት ነበር። «እንለካውና እንየው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁለቱም አዳነችው። ትልቁን ሰው አታዋርድም፣ ትንሹንም ዝም አታሰኝም። በየጋራዡና በየቤቱ ብዙ ክርክር የሚጎድለው ይኸው ነው።

አጎቱ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በራቸው ላይ የተሰለፈውን መኪና ያያሉ። ለአሮጌ መኪና አሁንም ወፈር ያለውን ነው የሚመክሩት፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። አዲስና ፈጣን መኪና ይዞ የመጣ ልጅ «ምን ዘይት ላድርግ?» ሲላቸው ግን እንደ ድሮው ቶሎ አይመልሱም። መጀመሪያ «ስንት ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁታል።